ቲፕስ ከገባ በኋላ እየተመላለሰ የሚያስቸግር የደም ኢንፌክሽን

ጥያቄ፦
ለሲሮሲስ (ጉበት ጠባሳ ይዞ የሚደነድንበት ሕመም) ታካሚ ቲፕስ (ከአንጀት የሚመጣው ደም ጉበቱን አቋርጦ እንዲያልፍ ጉበት ውስጥ የሚገባ ስቴንት፣ ማለትም ቱቦ) ከገባ ወራት አልፈዋል እንበል። ትኩሳት ይመጣል፣ የደም ካልቸር (ባክቴሪያን አብቅሎ የሚለይ ምርመራ) ኢ. ኮላይ የተባለውን የአንጀት ባክቴሪያ ያወጣል፣ በ10 ቀን መድኃኒት ይሻለዋል፤ መድኃኒቱ ሲቆም ያው ባክቴሪያ ይመለሳል። ሽንቱ ንጹሕ ነው፣ ዶፕለሩም (የደም ፍሰት የሚያሳየው አልትራሳውንድ) ስቴንቱ ክፍት ነው ይላል። ታዲያ ስቴንቱ ተበክሏል ማለት ይቻላል?

መልስ 1፦
ይቻላል። ደም ማለፉ ብቻ ስቴንቱን ነጻ አያወጣውም። ውስጡ የረጋ ደም ወይም ቬጀቴሽን (ባክቴሪያ ያዘለ ጥርቅም) ከታየ ምርመራው የተረጋገጠ ይባላል፤ ካልታየ ደግሞ ሌላ ምንጭ መኖር አለመኖሩ ተጣርቶ ሊሆን ይችላል ተብሎ ይታከማል። ስለዚህ የሆድ ውኃ ካለ ይቀዳ (ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ በኪዩቢክ ሚሊሜትር 250ና ከዚያ በላይ ከሆነ ምንጩ እዚያ ሊሆን ይችላል)፣ የልብ ቫልቭ በኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይታይ፣ የሐሞት ቧንቧና ካቴተርም አይረሱ።

ካልቸሩ ላይ አትቸኩሉ። ቆዳው በክሎርሄክሲዲን (ጀርም ገዳይ ፈሳሽ) ከተጠረገ በኋላ እስኪደርቅ ይጠበቅ፤ ከሁለት የተለያዩ ቦታዎች፣ በየጠርሙሱ ከ8 እስከ 10 ሚሊ ሊትር፣ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ይወሰድ። 3 ሚሊ ሊትር ብቻ የገባበት ጠርሙስ ምንም አላበቀለም ቢባል ማን ያምነዋል? ከዚያም ደሙ እስኪጠራ በየ24 እስከ 48 ሰዓቱ ይደገም።

መልስ 2፦
10 ቀን አይበቃም። በተለምዶ ቢያንስ 6 ሳምንት በደም ሥር ይሰጣል፤ ቀኑም የሚቆጠረው ካልቸሩ መጀመሪያ ከጠራበት ዕለት ነው። ስቴንቱ ጉበቱ ውስጥ ስለሚቀበር ተጎትቶ አይወጣም፤ የሚወጣው በንቅለ ተከላ ከጉበቱ ጋር ነው። ይህ ካልተቻለና ካገረሸ ለረጅም ጊዜ፣ አንዳንዴም ዕድሜ ልክ፣ የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ይቀጥላል። ኩላሊት የሚጎዳውን አንቲባዮቲክ ጄንታማይሲንን ግን ተዉት፣ የሲሮሲስ ኩላሊት አይችለውም።

ካልቸሩ በየጊዜው ሁለት ሦስት ዓይነት የአንጀት ባክቴሪያ ካወጣ ሐሞት ወደ ስቴንቱ እየፈሰሰ እንደሆነ ጠርጥሩ። ሐሞቱ የሚፈስበት ቀዳዳ በሽፍን (ግድግዳው በጨርቅ መሰል ነገር በተሸፈነ) ስቴንት ካልተዘጋ መድኃኒት ብቻውን አያድነውም።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ቲፕሱ ሲገባ የሚሰጠው አንቲባዮቲክ ሴፍትሪያክሶን ይህን አይከላከልም?

መልስ 1፦
የሚጠቅመው ለሥራው ሰዓት ነው፤ ኢንተሮኮከስ የተባለውን የአንጀት ባክቴሪያ ደግሞ ጭራሽ አይነካም። ከወራት በኋላ የሚመጣው በአብዛኛው የአንጀት ባክቴሪያ ነው፤ ከአንጀት የሚመጣው የፖርታል ደም በቲፕሱ በኩል የጉበትን ማጣሪያ ዘሎ ስለሚያልፍ መንገዱ ክፍት ነው። ትኩሳትም ላይኖር ይችላል፤ ታካሚው ድንገት ግራ ከተጋባ የጉበት ችግር ብቻ ነው ብሎ ላክቱሎስ (ለዚሁ የሚሰጥ ሽሮፕ) ጨምሮ ከመሸኘት በፊት ካልቸር ይወሰድ።