አሜሪካውያን ልብስ መግዛት ቢቀንሱ ለሐዋሳ ይበጃታል ወይስ ይጎዳታል?

ኮሌታ (ሐዋሳ)፦

የአክስቴ ልጅ ሚኔሶታ ከገባች ቆይታለች። ሰሞኑን ስንደዋወል፣ ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ዓመቱን ሙሉ አዲስ ልብስ ላለመግዛት መማማላቸውን ነገረችኝ። ምድር ሞቀች፣ ቆሻሻው ተራራ አከለ፣ ቁም ሣጥናችን ሞልቶ እያለ መሸመቱ ይብቃን ተባብለው ነው። «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ። እስካሁንም ስላልተገለጠልኝ እዚህ ልጠይቅ ብዬ ነው።

ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ሸሚዝ ስሰፋ ኖሬአለሁ። ፋብሪካው የእስያ ባለሀብቶች ነው፤ ልብሱ የሚሄደው ግን አሜሪካ ነበር። እዚያ ሙሉ ሸሚዝ አንድ ሰው አይሰፋም። አንዷ ኪስ ትለጥፋለች፣ ሌላዋ እጅጌ ትገጥማለች፤ የእኔ ድርሻ ኮሌታ ነበር። የኮሌታው መሃል ከጀርባው መሃል ጋር ካልተገናኘ ሁለቱ ጫፎች ይበላለጣሉ፤ ያኔ መፍታት ነው፤ ሲፈታ ደግሞ ስስ ጨርቅ ላይ የመርፌው ቀዳዳ ይቀራል። በሰዓት የሚጠበቅብን ቁጥር ከመስመሩ ራስጌ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል። አሜሪካውያን ከምስጋና ቀን ማግስት ባለው ዓርብ በርካሽ ለመሸመት ይጎርፋሉ፤ እኛ ክረምቱ ሳይወጣ ለእነርሱ የኅዳር ገበያ ስንጣደፍ እናመሻለን። ትእዛዝ ሲበዛ ትርፍ ሰዓት አለ፤ ትእዛዝ ሲጠፋ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው።

ደመወዙ ትንሽ ነበር፤ ይህን መሸፋፈን አልፈልግም። ቤት የምንከራየው ተዳብለን ነው። ከዚያችው ላይ ግን ተቆጥቦ ወደ ገጠር ይላካል። እናቴ ሲዳማ ገጠር ናት። በልግ ሲከዳ በቆሎው ከጉልበት ሳያልፍ ይደርቃል፤ ቤተሰቡን የሚያከርመው እንሰቱ ነው። እኔ የምልከው ብር ለዘይቱ፣ ለጨውና ለታናናሾቼ ደብተር ይውል ነበር።

የሚያስጨንቀኝ እዚህ ላይ ነው። አንድ አሜሪካዊ በአማካይ በዓመት ወደ 14 ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል፤ የአንድ ኢትዮጵያዊ ድርሻ ሩብ ቶን አይሞላም። ሸማችነታቸው ሰማዩን ያዛባል፣ ዳፋው እናቴ ማሳ ድረስ ይመጣል። እናቴን ከዚያ ዳፋ የማተርፍበት ደመወዝ ደግሞ ከዚያው ሸማችነት የሚቆነጠር ነበር። ለአክስቴ ልጅ «በርቱ» ልበላት ወይስ «እባካችሁ ግዙ»? እኔ አሁን የራሴን መኪና ይዤ ገበያው አጠገብ እሰፋለሁ። ፓርኩ ውስጥ ያሉትን እህቶቼን እያሰብኩ ነው የምጠይቀው።

ታቦር፦

እህቴ፣ ጥቂት ሰዎች ስለተማማሉ ፋብሪካ አይዘጋም። በዚህ አትጨነቂ። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው፤ ሐዋሳ የምትሸጠው ነገር እንዳላት ለገዢዎቹ በደንብ አልተነገረም። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከሞላ ጎደል ከውሃ ኃይል የሚገኝ ነው፤ በድንጋይ ከሰል ከሚሠራ አገር ሸሚዝ ጋር እኩል መታየት የለበትም። ፓርኩም ሲሠራ የፍሳሽ ውሃውን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ ነው የተሠራው። ሐይቃችን መውጫ ወንዝ የለውም፤ የገባበት ቀለም እዚያው ይቀራል፤ ቆሮሶ ዓሣውን የምንበላው እኛው ነን። ያ ማጣሪያ ለአንድ ቀን እንኳ መቆም የለበትም።

ትራንዚተሩ (አዳማ)፦

ልጄ፣ ዕድሜዬን የጨረስኩት ሞጆ ደረቅ ወደብ ላይ የኮንቴይነር ሰነድ ሳስጨርስ ነው። የሐዋሳን ልብስ የጎዳው የሸማች መቀነስ አልነበረም። አጎዋ የሚባለው፣ አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከቀረጥ ነፃ ገበያ የምትከፍትበት ሕግ እያለ፣ ከእኛ የሄደ ልብስ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ይገባ ነበር። ያ ሲቀር በመደበኛው ታሪፍ የጥጥ ቲሸርት 16.5 በመቶ፣ የፖሊስተሩ 32 በመቶ ይቀረጣል። በልብስ ንግድ ትርፍ የሚቆጠረው በሳንቲም ስለሆነ ገዢው ይህን ያህል ልዩነት ሲያይ ትእዛዙን ወደ ሌላ አገር ያዞራል። አሜሪካ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት ኢትዮጵያን ከአጎዋ ያስወጣችው እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ነው። ፒቪኤች የተባለው የአሜሪካ ልብስ ኩባንያ የሐዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ያስታወቀው ደግሞ ከዚያ በፊት በኅዳር ነበር። ማሽን ላይ የተቀመጠችው ልጅ ለጦርነቱ ምን እጅ ነበራት?

በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ላኪው የሚሸጠው በዶላር ስለሆነ አልከፋውም። የሰፊዋ ደመወዝ ግን በብር ነው፤ ጤፉና የቤት ኪራዩ አልጠበቋትም። የ2011 የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። እኔ ብሆን ከአሜሪካውያን መሐላ ይልቅ የምከታተለው ይህንን ነበር።

ሰላም ከቨርጂኒያ፦

እኔ የምሠራው ሰው የለገሰው ልብስ ተለይቶ በሚሸጥበት መደብር ነው። ከረጢቱን ስፈታ ዋጋው እንኳ ያልተነሳለት ሸሚዝ አገኛለሁ። ተገዝቶ፣ ተሰቅሎ፣ ሳይለበስ የመጣ ነው። ኮሌታውን ስታነሺው መደገፊያው ካርቶን አለ። የማይሸጠው ብዙ ስለሆነ በገመድ ታስሮ ወደ ሌላ አገር ይጫናል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ተቋም እንዳሰላው እ.ኤ.አ. በ2018 ብቻ ወደ 11.3 ሚሊዮን ቶን ጨርቃ ጨርቅ ቆሻሻ መጣያ ገብቶ ተቀብሯል። አንድ የጥጥ ቲሸርት፣ ጥጡ ከሚበቅልበት ጀምሮ ሲቆጠር፣ ወደ 2,700 ሊትር ውሃ ይፈጃል።

አጠባውስ? በሐምሌ ፀሐይ ልብስ በኤሌክትሪክ ማድረቂያ ይደርቃል። ገመድ ላይ ማስጣት የሚከለክሉ የመኖሪያ ሰፈር ማኅበራት አሉ፤ የሰፈሩን መልክ ያበላሻል ይባላል። የአሜሪካ መንግሥትም አገሪቱ ከፓሪሱ የአየር ንብረት ስምምነት እንድትወጣ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 እንደገና ወስኗል። እህቴ፣ የአክስትሽን ልጅ አታስቁሚያት። ጥቂት ይግዙ፣ ጥሩውን ይግዙ፣ በደህና ዋጋ ይግዙ፤ ያኔ ለሰፊዋም ይተርፋታል።

ኮሌታ (ሐዋሳ)፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከጋሼ ትራንዚተሩ ጋር እስማማለሁ፤ የደመወዝ ቦርዱን ነገር አስበውልናል።

ሰላም፣ ያነሳሻቸው ነገሮች ልቤን ነክተውታል። «በደህና ዋጋ ከተገዛ ለሰፊዋ ይተርፋታል» የሚለውን ግን በዓይኔ አላየሁትም። በአንድ መስመር፣ በአንድ ማሽን፣ ጠዋት የርካሹን መደብር ሸሚዝ፣ ከሰዓት የውዱን እንሰፋ ነበር። የውዱ ኮሌታ ስፌቱ ደቃቅ ነው፤ ተቆጣጣሪዋም አጉልታ ነው የምታየው። የወሩ ደመወዛችን ግን ያው ነው። ልዩነቱን ያገኘው መንገድ ላይ ያለ ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ ቁጥሩ ቢቀንስና ዋጋው ቢጨምር፣ ማንም ካልጠየቀልን፣ እኛ ጋር የሚደርሰው መቀነሱ ብቻ ነው።

ለአክስቴ ልጅ የምጽፍላትን አሁን አወቅሁ። መሐላችሁን ጠብቁ፤ የእናቴን ዝናብ የሚነካ ነገር ነውና ደስ ብሎኛል። ዓመቱ ሲያልቅና መግዛት ስትጀምሩ ግን የምትገዙበትን ኩባንያ «ይህን የሰፋችው ሴት ስንት ይከፈላታል?» ብላችሁ በደብዳቤ ጠይቁት፤ መልስ እስኪሰጥ አትተዉት። እናንተ ገዢ ስለሆናችሁ ይሰማችኋል። እኛ ብንጠይቅ ማሽኑ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል።

ታቦር፦

ደብዳቤውን ስትጽፊ የውሃ ኃይሉንና የማጣሪያውን ነገር ጨምሪበት።

ሌላም ነገር አለ። ሐይቅ ዳር የወላጆች ኮሚቴ አባል የሆንኩበት ትምህርት ቤት ለመስከረም የደንብ ልብስ የሚሰፋ ሰው እየፈለገ ነው። ባለፈው ዓመት የተሰፋው ኮሌታው ገና በገና ተተረተረ። ናሙና ይዘሽ ብትመጪ ኮሚቴው ፊት አቀርብሻለሁ።

ኮሌታ (ሐዋሳ)፦

እመጣለሁ ወንድሜ። ጨርቁን የሚያቀርበው ትምህርት ቤቱ ነው ወይስ ወላጅ? ወላጅ ከሆነ ቀለሙ ከሱቅ ሱቅ ስለሚለያይ፣ ሁሉም ከአንድ ጣቃ እንዲቆረጥላቸው ከወዲሁ ብትነግሯቸው ይሻላል።