በይነ ዲሲፕሊናዊ ማስተርስ በሂውማኒቲስ፦ ሁለት ዘርፍ በአንድ ቴሲስ እንዴት ይያዛል?

ንባብ_ወዳዷ

ሰላም ለሁላችሁ። በሂውማኒቲስ በይነ ዲሲፕሊናዊ የሆነ የ2 ዓመት ማስተርስ ልጀምር ነው። 120 ክሬዲት ነው፤ ከዚህ ውስጥ 30ው የቴሲስ (የመመረቂያ ጥናት) ነው። የመጀመሪያ ዲግሪዬ ሥነ ጽሑፍ ስለሆነ ቴሲሱን ከታሪክ ጋር አጣምሬ «ስደትና ትዝታ» በሚል ርእስ መሥራት አስቤያለሁ። ምንጬ መዝገብ ቤት የተቀመጡ የስደተኞች ደብዳቤዎች ናቸው።

ኮርስ ስመርጥ ምን ላስቀድም? ሁለት ዘርፍ ሲባል ከሁለቱም እኩል ማንበብ ማለት ነው? አማካሪስ አንድ ይሻላል ወይስ ሁለት? ፍልስፍናና አንትሮፖሎጂም ይስቡኛል፣ ከነሱም አንድ አንድ ኮርስ ብወስድ ብዬ ነበር። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ምኑ ላይ እንደሆነ ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።

መዝገብ_አገላባጭ

እንኳን ደስ ያለሽ። የኮርሱ ምርጫ ቴሲሱን ተከትሎ ስለሚመጣ ከቴሲሱ ልጀምር።

«ስደትና ትዝታ» ርእስ እንጂ ጥያቄ አይደለም። እንዲህ አድርገሽ ፕሮፖዛል ብታስገቢ የሚመለስልሽ አስተያየት «ሰፊ ነው፣ አጥብቢው» የሚል ነው። ሲሉሽ ታዲያ ብዙ ተማሪ እንደሚያደርገው ንድፈ ሐሳብ መቀነስ ውስጥ አትግቢ። የሚጠበበው የምታነቢው ቁስ ነው፦ አንድ የደብዳቤ ስብስብ፣ የ10 ዓመት ወሰን፣ ከ30 እስከ 50 ደብዳቤ። ያንሳል ካልሽ ሰዓቱን አስቢው። በአውሮፓው አቆጣጠር 1 ክሬዲት ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ነው፤ ለቴሲሱ ያለሽ እንግዲህ ከ750 እስከ 900 ሰዓት ነው። በእጅ የተጻፈ አንድ ደብዳቤ አንብቦ፣ ገልብጦ፣ ማስታወሻ መያዝ 3 ሰዓት ቢወስድ 50ው ብቻ 150 ሰዓት ይበላል። ገና አንድ ገጽ አልጻፍሽም።

ጥያቄሽ በእርግጥ ሁለቱንም ዘርፍ ይፈልግ እንደሆነ የሚታወቀው አንዱን አውጥተሽ ስትጥይው ነው። ቴሲሱ ሳይናጋ ከቆመ የወጣው ዘርፍ ጌጥ ነበር። ፈታኞች ይህን ቶሎ ይይዙታል፤ አብዛኛውን ጊዜ «የታሪክ ዳራ» የሚል አንድ ምዕራፍ ፊት ላይ ተለጥፎ ቀሪው ምዕራፍ ሁሉ ዳግመኛ ሳይጠቅሰው ያልፋል።

በደብዳቤ ላይ ሁለቱ ዘርፎች እንዴት እንደሚፈላለጉ ላሳይሽ። የታሪክ ተማሪ ብቻውን ሲያነብ «እኔ ደህና ነኝ፣ ሥራም አላጣሁም» የሚለውን ስለ ጸሐፊው ኑሮ ማስረጃ አድርጎ ሊይዘው ይችላል። ሥነ ጽሑፍ የተማረ ሰው ግን ይህ የደብዳቤ አከፋፈት ልማድ መሆኑን ያያል፤ የታመመውም፣ ሥራ ያጣውም እንዲሁ ብሎ ነው የሚጀምረው። ስለዚህ ዐይኑ የሚያርፈው ልማዱ የተሰበረበት ደብዳቤ ላይ ነው። አሁን ገልብጪው። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ በሁለት ደብዳቤዎች መካከል የ14 ወር ክፍተት ሲያይ ስለ «ዝምታ» አንድ ሙሉ ምዕራፍ ለመጻፍ ይነሣል። የታሪክ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ሌላ ነው፦ ደብዳቤዎቹን ማን አስቀመጣቸው? መዝገብ ቤት በማን እጅ ገቡ? በዚያ ዓመት ፖስታ ይደርስ ነበር? ጸሐፊው በየወሩ ጽፎ፣ ጠብ ያለባቸውን ደብዳቤዎች ቤተሰቡ አስወግዷቸው ሊሆን ይችላል። ያኔ ዝምታው የጸሐፊው ሳይሆን የአስቀማጩ ነው፣ ምዕራፉም ይፈርሳል።

እንግዲህ ጥያቄሽ እዚህ መገናኛው ላይ ይቁም። ለምሳሌ፦ ስለ መመለስ የሚናገሩት ዐረፍተ ነገሮች በ10 ዓመት ውስጥ ከቁርጥ ቀጠሮ ወደ ምኞት የተለወጡት መቼ ነው? ለውጡ ከጸሐፊው ኑሮ ጋር ይገጥማል ወይስ እሱም በጊዜው ልማድ የሆነ አነጋገር ነው?

የግርጌ_ማስታወሻ

እኩል ማንበብ የሚባል ነገር የለም፣ ጊዜውም አይበቃ። አንዱ ዘርፍ ቤትሽ፣ ሌላው እንግዳሽ ይሁን። ከእንግዳው ዘርፍ የሚያስፈልግሽ ደብዳቤን እንደ ምንጭ የተጠቀሙ አምስት ስድስት ጥሩ መጣጥፎችና ስለ ምንጭ ትችት (የምንጩን አመጣጥና ታማኝነት ስለ መመርመር) የሚያስተምር አንድ የጥናት ዘዴ መጽሐፍ ነው። የስደትን ታሪክ በሙሉ ማንበብ አይጠበቅብሽም። መጣጥፎቹን ስታነቢ ከመደምደሚያቸው ይልቅ የግርጌ ማስታወሻቸውን አጥኚ፤ አንድ ዐረፍተ ነገር ለመጻፍ ስንት ምንጭ እንደጠቀሱ፣ የማይታወቀውን እንዴት እንዳለፉት እዚያ ይታያል። የዘርፉ ሙያ ያለው እዚያ ነው።

ከዚህ የኮርሱ መልስ ይወጣል። በመጀመሪያው ሴሚስተር የታሪክን የጥናት ዘዴ ኮርስ ውሰጂ፣ ስሙ ደረቅ ቢሆንም። ሌላውን ወደ ደብዳቤዎቹ ዘመን የሚያስጠጋሽን ምረጪ። ፍልስፍናና አንትሮፖሎጂን ያለ ውጤት ብትከታተያቸው ይበቃል። አራት «መግቢያ» የተደረደረበት ትራንስክሪፕት ለፒኤችዲ ስታመለክቺ ይጎዳል፤ ተቀባዩ ክፍል የሚፈልገው በአንድ ዘርፍ ጠልቀሽ የሠራሽውን ነው።

አማካሪ ሁለት ይሁኑ፣ ነገር ግን ዋናው አንድ ነው። የተለመደው ብልሽት ሁለተኛው አማካሪ ሥራውን የሚያየው መጨረሻ ላይ መሆኑ ነው፤ ያኔ «ማስረጃው የታለ?» ብሎ ሦስተኛውን ምዕራፍ ያስነሣዋል። እያንዳንዱን ረቂቅ ለሁለቱም በአንድ ቀን፣ በአንድ መልእክት ላኪ። አስተያየታቸው ሲጋጭ መካከል ቆመሽ አታስታርቂ፤ ግጭቱን በግማሽ ገጽ ጽፈሽ ሦስታችሁም ባላችሁበት አንሺው።

ብዙ ጊዜ ጠቡ የሚነሣው ከቃል ነው። «ምንጭ»፣ «ጽሑፍ»፣ «ትረካ»፣ «ወካይ» በሁለቱ ዘርፎች አንድ ትርጉም የላቸውም። አሥር የሚሆኑትን በአንድ ገጽ ላይ «በዚህ ቴሲስ ውስጥ እንዲህ ማለት ነው» ብለሽ ከፕሮፖዛሉ ጋር አያይዢ።

ስለ ዋቢ አጠቃቀም ከመጻፍሽ በፊት ጠይቂ። የታሪክ ሰዎች የግርጌ ማስታወሻ ይወዳሉ፣ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ብዙዎቹ ኤምኤልኤ በሚባለው የዋቢ ስልት ጽሑፉ ውስጥ በቅንፍ ይጠቅሳሉ። ቺካጎ የሚባለው የዋቢ ስልት ለሁለቱም መንገድ ስላለው ብዙ ጊዜ ያስማማል። በዞተሮ (ዋቢ በሚያደራጅ ሶፍትዌር) በኩል ያስገባሽው ጥቅስ ስልቱን ስትቀይሪ አብሮ ይለወጣል፤ በእጅሽ የጻፍሽው ግን እዚያው ይቀራል። የመዝገብ ቤቱን ስም «አርካይቭ» በሚለው፣ የሣጥንና የአቃፊ ቁጥሩን ከሱ ቀጥሎ ባለው የቦታ መለያ ሳጥን ውስጥ አስገቢ። ብዙ ሰው ማስታወሻ ቦታው ላይ ይጽፈዋል፣ ከዚያ ዋቢው ላይ አይወጣለትም።

ጠርጣራው

የ@የግርጌ_ማስታወሻ ምክር ፒኤችዲ ለምታስብ ጥሩ ነው። ሙዚየም፣ መዝገብ ቤት ወይም ማተሚያ ቤት ለመሥራት የምታስብ ከሆነ ግን የቤትና የእንግዳ ነገር ያን ያህል አያስጨንቅሽ። እነሱ የሚያዩት ቁሱን እንዴት እንደያዝሽው ነው፦ ካታሎግ ማንበብ፣ መግለጫ መጻፍ፣ የባለቤትነት መብት ማጣራት። እንዲያውም ከታሪክ ሁለተኛ ኮርስ ይልቅ የአርካይቭ ሥራ ልምምድ ይጠቅምሽ ይሆናል።

ማንም ያላነሣው ሌላ ችግር አለ። ደብዳቤ ትዝታ አይደለም። ትዝታ ካለፈ በኋላ የሚነገር ነው፤ ደብዳቤ የተጻፈው ነገሩ ገና እየሆነ ሳለ፣ መጨረሻው ሳይታወቅ ነው። ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ሞሪስ አልብዋክስ ከ1925 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስለ የጋራ ትዝታ ሲጽፍ ዋናው ነጥቡ ሰው ያለፈውን የሚያስታውሰው ዛሬ ባለበት ማኅበረሰብ ማዕቀፍ ውስጥ ነው የሚል ነው። ያንን ንድፈ ሐሳብ የትናንትን ወሬ በሚያወራ ደብዳቤ ላይ ብትጭኚው አይይዝልሽም። ሁለት መንገድ አለሽ፦ ወይ ደብዳቤው ራሱ ያለፈውን የሚያነሣባቸውን ቦታዎች ብቻ ለይተሽ ውሰጂ፣ ወይ «ትዝታ»ን ከርእሱ አውጪው።

ንባብ_ወዳዷ

@ጠርጣራው ይሄን አላሰብኩትም ነበር፣ አመሰግናለሁ። የጸሐፊዎቹን ልጆች ቃለ መጠይቅ ባደርግስ? ትዝታው ከዚያ ይመጣል፣ ደብዳቤዎቹም ማነጻጸሪያ ይሆናሉ።

መዝገብ_አገላባጭ

ሐሳቡ ያምራል፣ ግን ሌላ ቴሲስ ነው። ከሰው ጋር የሚሠራ ጥናት የሥነ ምግባር ፈቃድ ይጠይቃል፤ ፈቃዱ ሳይመጣ የተቀዳ ድምፅ ደግሞ በኋላ አይጸድቅልሽም። መረጃ ሰጪ ወረቀት፣ የስምምነት ቅጽ፣ የጥያቄ ዝርዝር፣ ድምፁ የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚጠፋ ተጽፎ ይገባል። ኮሚቴው ማስተካከያ ብሎ ሲመልሰው ሳምንታት ይሄዳሉ። የ1 ሰዓት ቃለ መጠይቅ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፣ ስለዚህ 6 ሰው ብታነጋግሪ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ለመገልበጥ ብቻ ነው። ማመልከቻውን በመጀመሪያው ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ማስገባት ከቻልሽ 3 ወይም 4 ሰው ይበቃሻል፤ ካልቻልሽ ደብዳቤዎቹ ላይ ቆዪ።

ያም ሆነ ይህ መዝገብ ቤት የገባሽ ቀን መጀመሪያ ፎቶ የምታነሺው ደብዳቤውን አይደለም። የሣጥኑን ጽሑፍ፣ ቀጥሎ የአቃፊውን፣ ከዚያ የስብስቡን የርክክብ ሰነድ የሚያሳዩሽ ከሆነ እሱን። የፋይሉን ስም በዚያው ምሽት ሣጥን፣ አቃፊ፣ ተራ ቁጥር አድርገሽ ለውጪው። ስልክሽ የሰጠውን ስም እንደያዙ የተከማቹ 400 ፎቶዎች ከሁለት ወር በኋላ የትኛው ገጽ የየትኛው ደብዳቤ እንደሆነ አይነግሩሽም፣ ዋቢ ላይ የሚጻፈው ቁጥርም ከዚያ ነው የሚመጣው።

ንባብ_ወዳዷ

ገባኝ። ለጊዜው «ትዝታ»ን አውጥቼ የመመለስን ጥያቄ ይዣለሁ። የስብስቡን ካታሎግ ካየሁ በኋላ በደብዳቤው ብዛት እመለስባችኋለሁ።

የግርጌ_ማስታወሻ

ካታሎጉ ላይ «1 ሣጥን» ብቻ ተጽፎ ካገኘሽ ብዛቱን የመዝገብ ቤቱን ኃላፊ በጽሑፍ ጠይቂ። አንድ ሣጥን ውስጥ 20 ደብዳቤም 300ም ሊኖር ይችላል፣ ፕሮፖዛል ላይ ደግሞ ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው።