በአኒሜ ዲስክ ላይ ንግግሩ ለምን ይደበዝዛል? የድምፁ ኃላፊስ ማን ነው?

ጥያቄ
አንድ ተከታታይ የጃፓን አኒሜ በብሉሬይ እየተመለከትሁ ነው። ፍንዳታው ክፍሉን ሲያናውጥ፣ ገጸ ባሕርያቱ ሲነጋገሩ ግን ድምፃቸው ከግድግዳ ጀርባ የሚመጣ ይመስላል። ለንግግሩ ብዬ ድምፁን ከፍ ባደረግሁ ቁጥር ውጊያው ሲጀመር ሪሞቱን ፍለጋ እሮጣለሁ። በመጨረሻ በሚያልፈው የስም ዝርዝር ላይ ከዳይሬክተሩ ሌላ «የድምፅ ዳይሬክተር» ተጠቅሶ አየሁ። የሁለቱ ሥራ በምን ይለያል? ለዚህ ጉድለትስ ተጠያቂው የትኛው ነው? የምጠቀመው በሁለት ስፒከር ሲሆን፣ የመረጥሁት «5.1» የሚለውን ትራክ ነው።

መልስ 1
በጃፓን «ካንቶኩ» የሚባለው ዋና ዳይሬክተር የሥራውን አጠቃላይ መልክ ሲወስን፣ እያንዳንዱን ክፍል «ኤንሹትሱ» የሚባለው ባለሙያ ይከታተላል፤ የሥዕሉን ወጥነት የሚያርመው ደግሞ «ሳኩጋ ካንቶኩ» ነው። ድምፁ ግን አብዛኛውን ጊዜ ራሱን የቻለ ኃላፊ አለው፤ «ኦንክዮ ካንቶኩ» ይሉታል። ተዋንያኑን በቀረጻ ክፍል የሚመራው፣ ሙዚቃው የት ገብቶ የት እንደሚቆም የሚወስነው፣ የኢፌክትና የሚክስ (ድምፆቹን አንድ ላይ የማዋሃድ ሥራ) ባለሙያዎችን የሚያስተባብረው እርሱ ነው። የተለመደው አሠራር «አፉሬኮ» ሲሆን፣ ተዋንያኑ ሥዕሉን በስክሪን እያዩ ይናገራሉ፤ ሥዕሉ ገና ካልተጠናቀቀም ንግግራቸው የሚጀምርበትንና የሚያበቃበትን ጊዜ በስክሪኑ ላይ ብቅ በሚል ምልክት ብቻ ይከተላሉ። በዚህ ሁሉ የተደከመበትን ንግግር ሆን ብሎ የሚያደበዝዝ የድምፅ ዳይሬክተር ይኖራል ብዬ አላምንም፤ ወቀሳው ይቆየዎትና አስቀድመው መሣሪያዎን ይፈትሹ።

መልስ 2
«ከግድግዳ ጀርባ» ያሉት ነገር ችግሩን ይጠቁማል። 5.1 ማለት ድምፁ ለስድስት ስፒከሮች በስድስት ቻናል የተከፋፈለበት ነው፤ በዚህ ሚክስ ውስጥ ንግግሩ በብዛት የሚቀመጠው በመካከለኛው ቻናል ነው። ማጫወቻው ስድስቱም ስፒከሮች ያሉ መስሎት ድምፁን ከከፋፈለ፣ መካከለኛው ቻናል የትም ሳይደርስ ይቀራል፤ እርስዎ የሚሰሙት በግራና በቀኝ የቀረውን የንግግሩን ማስተጋባት ነው። በማጫወቻው ቅንብር ውስጥ ስቴሪዮን (ለሁለት ስፒከር የሚሆነውን ባለ ሁለት ቻናል ድምፅ) ይምረጡ፤ ወይም በዲስኩ ላይ ባለ ሁለት ቻናል ትራክ ካለ እርሱን ይሞክሩ። ለቴሌቪዥን የተሠራ አኒሜ በአብዛኛው መጀመሪያ የሚዘጋጀው በስቴሪዮ ስለሆነ፣ 5.1ዱ ብዙ ጊዜ ለዲስኩ ሲባል በኋላ የተጨመረ ነው፤ በእኔ ጆሮ ስቴሪዮው የሚሻልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ጥራቱም አያሳስብዎ፦ ያልተጨመቀ ባለ 16 ቢት፣ 48 ኪሎኸርዝ ስቴሪዮ በሰከንድ 1,536 ኪሎቢት የድምፅ መረጃ ሲወስድ፣ በዲቪዲ ላይ ያለው የተጨመቀ የዶልቢ ዲጂታል 5.1 ለስድስቱም ቻናል ከ448 ኪሎቢት አያልፍም።

መልስ 3
በመልስ 1 ላይ ትንሽ ልጨምር። ሁሉም ሥራ በአፉሬኮ አይሠራም፤ በ1988 የወጣው «አኪራ» ንግግሩ አስቀድሞ ተቀርጾ፣ የአፍ እንቅስቃሴው ከድምፁ ጋር እንዲገጥም ተደርጎ የተሳለ ፊልም ነው። በ2009 የወጣው ብሉሬይም የጃፓንኛውን ትራክ በ192 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት ይዟል። ይሁን እንጂ መካከለኛው ቻናል ከጠፋ ይህ ሁሉ ቁጥር ንግግሩን አይመልሰውም።

ጠያቂው
የማጫወቻውን ቅንብር ስከፍት በእርግጥም ስድስት ስፒከር ተመርጦ አገኘሁት። ወደ ስቴሪዮ ስቀይረው ንግግሩ ወዲያው ወደ ፊት መጣ፤ የድምፅ ዳይሬክተሩንም በከንቱ ጠርጥሬያቸው ኖሯል።