ቅዳሜ ሰርግ አለ፣ የ1978ቱ ሬጋል ሰማያዊ ጭስ ይለቃል! ድረሱልኝ

ባለሬጋል፦ ወገኖቼ ቶሎ በሉልኝ። ቅዳሜ የእህቴ ሰርግ ነው፤ ሙሽሮቹ የሚሄዱት በኔ ቡዊክ ሬጋል ነው። መብራት ላይ ስቆም ሰማያዊ ጭስ ይወጣል። ስነሳማ ከኋላዬ ያለው መኪና አይታይም። ዳገት ላይ ይንኳኳል፣ ጉልበትም ያጣል። መካኒኩ «ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ ሞተር ይወርዳል» አለኝ። ዛሬ ረቡዕ ነው። ምን ላድርግ?

ካንዴላ፦ ወፍራም ዘይት ጨምርበት። 20ደብሊው-50 አድርገህ ንዳው።

ቪ8ይሻላል፦ ወንድሜ፣ ችግሩ ጭሱ አይደለም። በስድስት ሲሊንደር ያን ሁሉ ብረት መጎተት ነው ስህተቱ። አውጣውና ባለ ስምንት ሲሊንደር ቪ8 ግጠምበት።

ባለሬጋል፦ ሰርጉ ቅዳሜ ነው እያልኩ?!

እህተመካኒክ፦ ቆይ፣ ዋናውን ሳትነግረን። ባለ ቱርቦው (ወደ ሞተሩ ንፋስ የሚገፋው) ነው? ቱርቦው ተነክቶ ያውቃል?

ባለሬጋል፦ አዎ፣ 3.8 ባለ ቱርቦ፣ ባለ አራት አፍ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር መቀላቀያ)። ቱርቦው በጥር ታድሷል። እሱማ አዲስ ነው፣ ለዚህ ነው ያልጠቀስኩት።

ጋሼአንጋፋ፦ ልጄ፣ የያዝከውን ዕወቅ። ቡዊክ ይህን ሞተር ከነማምረቻ መሣሪያው ለካይዘር ጂፕ ሸጦት ነበር። በፈረንጆቹ 1974 የነዳጁ ችግር ሲጠና መልሶ ገዛው። በ1976 ቱርቦ የገጠሙለት ቡዊክ በኢንዲያናፖሊስ ውድድር ተወዳዳሪዎቹን ከፊት እየመራ የሚያስጀምር መኪና ሆነ። በ1978 ለሕዝብ ወጣ፤ ያንተ ባለ አራት አፉ 165 የፈረስ ጉልበት ነው። ግን ቀዳሚው እሱ እንዳይመስልህ። የሸቭሮሌ ኮርቬር ስፓይደር በ1962 ስድስት ሲሊንደርና ቱርቦ ይዞ ወጥቷል፣ ያውም በአየር የሚቀዘቅዝ። ቪ8 የምትለው ልጅም ይህን ስማ።

ካንዴላ፦ ዘይቱን ቀየርከው? 20ደብሊው-50 አልኩህ እኮ።

እህተመካኒክ፦ ጋሼ፣ ያነሱት ኮርቬር ለዚህም ይጠቅማል። በሁለቱም ካርቡሬተሩ ከቱርቦው በፊት ነው። ባለሬጋል፣ እዚህ ላይ ልብ በል። ሚኒሞ ላይ (ቤንዚን ሳትረግጥ) ስትቆም የካርቡሬተሩ በር ይዘጋል፤ ሞተሩ ግን መሳቡን አይተውም። ስለዚህ ቱርቦው ራሱ በባዶው ይመጠጣል፣ ከዘንጉም ዘይት ይስባል። ይህን የሚከለክለው በንፋሱ በኩል ያለው የካርቦን ሲል (ማሸጊያ) ነው። ለናፍጣ መኪና የሚሆን ተራ ማደሻ ኪት ከተገባለት ያ ሲል የለም። ጭሱ ከጥሩ እድሳት ወዲህ ከጀመረ ደግሞ፣ ከፋሻው ይልቅ ቱርቦውን እጠረጥራለሁ።

መንኳኳቱም ከዚሁ ነው። ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ሲገባ ቤንዚኑ ቶሎ ይፈነዳል። ሞተሩ ላይ ይህን የሚሰማ ጆሮ አለ፤ ሲሰማ የካንዴላውን እሳት ያዘገያል። ጉልበት ያጣኸው ለዚህ ነው። ሞተር ከማውረድህ በፊት ካርቡሬተሩን ከነመቀመጫው ፍታና የቱርቦውን ውስጥ በጣትህ ንካ። እርጥብ ብቻ ከሆነ አያሳስብም። ዘይት ከተጠራቀመ ቱርቦው ነው። የዘይት መመለሻ ቱቦውንና የሞተሩን መተንፈሻም እይ፤ ከተደፈኑ ጤነኛ ሲልም ያፈስሳል። የስድስቱንም ሲሊንደር ኮምፕሬሽን (የውስጥ ግፊት) ለካ።

ቪ8ይሻላል፦ ኮምፕሬሽኑ ከወረደስ?

እህተመካኒክ፦ ትንሽ ዘይት በካንዴላው ቀዳዳ አንጠባጥቦ ይድገመው። ቁጥሩ ከወጣ ፋሻ ነው፤ ያኔ መካኒኩ ልክ ነው።

ባለሬጋል፦ አሁን ፈታሁት፣ እጄ ጥቁር እንደሆነ ነው የምጽፈው። የቱርቦው ሆድ ውስጥ ዘይት ተኝቷል፣ በማንኪያ ይቀዳል! መመለሻ ቱቦው ንጹህ ነው። ላደሰው ሰው ደወልኩ። «ሲል ሁሉ አንድ ነው» አለኝ። ኮምፕሬሽን የምለካበት የለኝም።

እህተመካኒክ፦ አንድ አይደለም! ባለ ካርቦን ሲሉን ኪት በስም ጠይቅ፣ «ለካርቡሬተር ቱርቦ» በላቸው። እስከዚያ አትንዳው። እየተንኳኳ ከነዳኸው ፒስተን ትበላለህ።

የሜሪላንዱ፦ ነጭ መኪና አለኝ፣ ለቅዳሜ ውሰደው። አበባውን አንተ አምጣ።

ጋሼአንጋፋ፦ እሰይ፣ ወንድም ማለት እንዲህ ነው። ልጄ፣ ሬጋሉን ግን አትሽጠው።

እህተመካኒክ፦ ሰኞ ሆነ። ባለሬጋል፣ ሲሉ ተገኘ? ኮምፕሬሽኑስ ስንት መጣ?

ሪቪዬራ79፦ የኔም ቱርቦ ሚኒሞ ላይ ያጨሳል። እሱ መልስ ካላገኘ እኔ ነገ ፈትቼ እነግራችኋለሁ።