ስለ አንዲት ሴት ባለሀብት ሚዛናዊ መጣጥፍ ማዘጋጀት ይቻላልን?

በዊኪፔዲያ ላይ ስለ አንዲት ሴት ባለሀብት የጀመርኩትን ረቂቅ ልቀጥለው ወይስ ልተወው የሚለውን መወሰን ስላቃተኝ፣ ልምድ ያላችሁ አዘጋጆች ሐሳባችሁን እንድትለግሱኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ከባለሀብቷ ጋር የሥራም ሆነ የዝምድና ግንኙነት የለኝም።

ያሰባሰብኳቸው ምንጮች ሲታዩ ብዙ ይመስላሉ፤ ቀረብ ብሎ ለመረመራቸው ግን አብዛኞቹ ባለሀብቷ ራሳቸው የሰጧቸው ቃለ መጠይቆችና የድርጅታቸው መግለጫ እንዳለ የተገለበጠባቸው ዜናዎች ናቸው። «ባለራዕይዋ መሪ» የሚለው ሐረግ እንኳ በሦስት ጋዜጦች ላይ ሳይለወጥ ተደግሟል። ከእርሳቸው ነጻ ሆነው በስፋት የጻፉት ሁለት ዘገባዎች ብቻ ሲሆኑ፣ አንዱ የድርጅቱን አመሠራረት ይተነትናል፤ ሌላው ከቀድሞ ሸሪካቸው ጋር የገጠሙትን የፍርድ ቤት ክርክር ያትታል።

የተቸገርኩት እዚህ ላይ ነው። ክርክሩን ብተወው መጣጥፉ ማስታወቂያ ይሆናል፤ ባስገባው ደግሞ የጽሑፉን እኩሌታ ይይዝና በሕይወት ስላሉ ሰዎች የወጣው ጥብቅ መመሪያ የማይፈቅደውን ያልተመጣጠነ ትኩረት ይፈጥራል። የፍርድ ቤት መዝገብን በቀጥታ መጥቀስም በዚያው መመሪያ የተከለከለ ስለሆነ፣ ክፍተቱን በመዝገቡ መሙላት አልችልም። (በ2018 የፊዚክስ ኖቤል ስላገኙት ስለ ዶና ስትሪክላንድ የቀረበው ረቂቅ ከሽልማቱ ጥቂት ወራት በፊት በምንጭ ማነስ ውድቅ መደረጉን ሳስብ፣ ቸኩሎ መተውም ይከብደኛል።)

ሁለቱ ዘገባዎች ለግለሰቧ ራሱን የቻለ መጣጥፍ ይበቃሉ ትላላችሁ? ወይስ በዊኪፔዲያ አሠራር የድርጅት ታዋቂነት ብቻውን ባለቤቱን ለመጣጥፍ ብቁ ስለማያደርግ፣ ስለ ድርጅቱ ጽፌ እርሳቸውን በአንድ አንቀጽ ብጠቅስ ይሻላል?