ስታቲስቲክስ 1 ላይ ኤፍ ይዞ የሳይኮሎጂን ቀሪ ሁለት ዓመት ማቀድ

ጠያቂ፣ ደብረ ማርቆስ

ሰላም ለሁላችሁ። የሳይኮሎጂ ተማሪ ነኝ፤ ሁለተኛ ዓመት ጨርሻለሁ። በአንደኛው ሴሚስተር ስታቲስቲክስ 1 ላይ ኤፍ ስላገኘሁ በሁለተኛው ሴሚስተር ስታቲስቲክስ 2ን መመዝገብ አልቻልኩም። እስካሁን የተመዘገብኩት 115 ኢሲቲኤስ (የኮርስ ክብደት መለኪያ)፣ ጠቅላላ ነጥቤ 2.40 ነው። ሦስተኛ ዓመት ላይ ሳይኮፓቶሎጂ (የአእምሮ ሕመሞች ጥናት)፣ የካውንስሊንግ (የምክር አገልግሎት) ቲዎሪ፣ ሳይኮሎጂካል ቴስቲንግ፣ የምርምር ዘዴ አሉ። አራተኛ ዓመት ላይ ፕራክቲከም (የተግባር ልምምድ) እና ሲኒየር ኤሴይ (የመመረቂያ ጥናት) ይጠብቁኛል። ዓመት ሳልጨምር መውጣት እችላለሁ? የቱን ከየቱ ላስቀድም? የመውጫ ፈተናውስ እንዴት ይሁን?

መላሽ 1፣ ባሕር ዳር

እህቴ፣ መጀመሪያ ኤፍ መሆኑን ከሬጅስትራር በወረቀት አረጋግጪ። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ኤፍኤክስ (ለጥቂት የወደቀ) ከሆነ ድጋሚ ፈተና ብቻ ተቀምጠሽ ልትገላገይ ትችያለሽ፤ ኤፍ ከሆነ ግን ኮርሱ ከነትምህርቱ ይደገማል። የሁለቱ ልዩነት አንድ ሙሉ ሴሚስተር ነው።

ቀጥሎ ሒሳቡን እይው። የቀረሽ የአራት ሴሚስተር 120 ኢሲቲኤስ ነው፤ ሁለቱ ስታቲስቲክሶች 10 ይጨምራሉ፣ 130 ሆነ። ለአራት ሲካፈል 32.5። ስለዚህ በአራት ዓመት መውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን ቢያንስ ሁለት ሴሚስተር ላይ 35 መጫን አለብሽ። 35 ሲባል ቀላል ይመስላል። አንድ ኢሲቲኤስ ወደ 27 የሥራ ሰዓት ነው የሚታሰበው፤ 35 ማለት 945 ሰዓት፣ በ16 ሳምንት ሲካፈል በሳምንት 59 ሰዓት። መደበኛው 30 እንኳ 50 ሰዓት ያልፋል። ከመደበኛው በላይ ለመመዝገብ የትምህርት ክፍሉ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ጠቅላላ ነጥብሽም ይታያል። ማመልከቻውን ከምዝገባው ሳምንት በፊት አስገቢ፤ በአድና ድሮፕ (ኮርስ መጨመሪያና መቀነሻ) ቀን የሚመጣ ማመልከቻ ወረፋ ውስጥ ይጠፋል።

ነጥብሽም ተስፋ የሚያስቆርጥ አይደለም። 2.40 በ115 ሲባዛ 276 ነው። ኤፉ በአዲሱ ውጤት ከተተካ ቢ ብታመጪ 15 (የቢ 3 ነጥብ በ5 ኢሲቲኤስ) ይጨመርልሻል፤ 291 ለ115 ሲካፈል 2.53። በሲ እንኳ 2.49 ትደርሻለሽ። አንድ ኤፍ መተካት ሦስትና አራት ኮርስ ላይ ከሲ ፕላስ ወደ ቢ ማይነስ ከመውጣት ይበልጣል፤ ስለዚህ ጉልበትሽን እዚያ አፍስሺው።

መላሽ 2፣ ደብረ ማርቆስ

በሒሳቡ እስማማለሁ፤ በሦስተኛ ዓመት ሁለቱንም ሴሚስተር 35 መጫኑን ግን አልደግፍም። ስታቲስቲክስ የሚደገመው ከታችኛው ባች ጋር ስለሆነ የክፍል ሰዓቱ ከራስሽ ባች ኮርስ ጋር ይጋጫል። ጊዜ ሰሌዳው እንደወጣ የሁለቱን ባች ጎን ለጎን አስቀምጪና የሚጋጨውን ፈልጊ። ከዚያ ሌላ ኮርስ በቅድመ ሁኔታ የማይጠብቀውን አንድ ኮርስ፣ ለምሳሌ ኢንዱስትሪያል ሳይኮሎጂን፣ ወደ አራተኛ ዓመት ተመሳሳይ ሴሚስተር አሻግሪ። የማይሻገሩት እነዚህ ናቸው፦ ቴስቲንግ፣ ሳይኮፓቶሎጂ፣ የካውንስሊንግ ቲዎሪ። ሳይኮፓቶሎጂ ሳይወሰድ ሆስፒታል ፕራክቲከም መውጣት፣ የካውንስሊንግ ቲዎሪ ሳይወሰድ ከተማሪ ጋር መቀመጥ አይሆንም።

ሰንሰለቱ እንዲህ ነው፦ ስታቲስቲክስ 1፣ ከዚያ ስታቲስቲክስ 2፣ ከዚያ የምርምር ዘዴ፣ ከዚያ ሲኒየር ኤሴይ። ስታቲስቲክስ 2 እና የምርምር ዘዴ ሦስተኛ ዓመት ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ አብረው እንዲሄዱ ትምህርት ክፍሉን በጽሑፍ ጠይቂ። በቃል የተሰጠ ፈቃድ ኃላፊው ሲቀየር አብሮ ይሄዳል። ካልተፈቀደ የምርምር ዘዴ ወደ አራተኛ ዓመት ይገፋል፤ ኤሴይውንም ይዞት ይሄዳል። ክረምት ላይ ስታቲስቲክስ 1 የሚሰጥ ከሆነ ሌላ ሳታስቢ ውሰጂው፤ ችግሩ ከሥሩ ይነቀላል።

መላሽ 3፣ ሞጣ

ሁሉም ስለ ምዝገባ ነው ያወራው። ዋናው ግን ሁለተኛ ጊዜ ኤፍ አለማግኘቱ ነው።

የሶሻል ተማሪ ስታቲስቲክስ ላይ የሚወድቀው ሒሳቡ ከብዶት ብቻ አይደለም፤ ቀመር ሸምድዶ የትኛው ቀመር ለየትኛው ጥያቄ እንደሆነ ስለማይለይ ነው። ፈተና ላይ አንድ ጥያቄ ስታገኚ ሦስት ነገር ጠይቂ፦ የሚለካው ነገር ምድብ ነው ወይስ ቁጥር? ስንት ቡድን ነው የሚነጻጸረው? ሰዎቹ ያው ሰዎች ናቸው ወይስ የተለያዩ? የወንዶችና የሴቶች ተማሪዎች የጭንቀት ነጥብ ከሆነ፣ ሁለት የተለያየ ቡድንና ቁጥር ነው፤ ኢንዲፔንደንት ቲ-ቴስት። ያው ተማሪዎች ከምክር በፊትና በኋላ ከሆኑ ፔርድ ቲ-ቴስት። የቡሬ፣ የደጀንና የብቸና ተማሪዎች ከሆኑ ሦስት ቡድን ነው፤ አኖቫ። ፆታና ማለፍ ወይም መውደቅ ከሆነ ሁለቱም ምድብ ናቸው፤ ካይ-ስኩዌር። የእንቅልፍ ሰዓትና ውጤት ከሆነ ሁለቱም ቁጥር ናቸው፤ ኮሪሌሽን። ይህን በ40 ጥያቄ ላይ ስሌት ሳትሠሪ፣ የትኛው ቴስት እንደሚሆን ብቻ እየጻፍሽ ተለማመጂ።

ሁለት የተለመዱ ስሕተቶች ልጨምር። አንደኛ፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽንን (የሰዎቹ ነጥብ ከአማካዩ ምን ያህል እንደሚርቅ) ከስታንዳርድ ኤረር (የናሙናው አማካይ ምን ያህል ሊዋዥቅ እንደሚችል) ማምታታት። ዲቪዬሽኑ 12፣ ሰዎቹ 36 ከሆኑ ኤረሩ 12 ለ6፣ ማለትም 2 ነው። ብዙ ሰው 12 ለ36 ብሎ ያካፍላል፤ ስኩዌር ሩቱን ይረሳል። ሁለተኛ፣ ፒ (እውነተኛ ልዩነት ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመምጣቱ ዕድል) ከ0.05 ሲበልጥ «ልዩነት የለም» ብሎ መጻፍ። የሚባለው «ልዩነት አለ ለማለት ማስረጃው አልበቃም» ነው። ትንሽ ናሙና ያለውን ልዩነት ሊሰውር ይችላል።

ጠያቂ፣ ደብረ ማርቆስ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሲኒየር ኤሴዬን በሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ድብርት ላይ ለመሥራት አስቤያለሁ። 1,200 ተማሪ ያለው ትምህርት ቤት ነው። መጠይቁን ራሴ ወደ አማርኛ ልተርጉመው?

መላሽ 4፣ ፍኖተ ሰላም

ለድብርት ከሆነ አትተርጉሚ። ፒኤችኪው-9 የተባለው የድብርት መጠይቅ በአማርኛ ተተርጉሞ ኢትዮጵያ ውስጥ ተፈትሿል፤ እንዳለ ውሰጂው፣ ቃሉን አትቀይሪ። ቃል የቀየርሽ ዕለት የሌሎች ጥናት መቁረጫ ነጥብ (ድብርት አለ የሚባልበት ነጥብ) ላንቺ አይሠራም። ዘጠኝ ጥያቄ አለው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3፣ ጠቅላላው 27። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ሐሳብና ራስን ስለመጉዳት ነው። ስለዚህ መጠይቁን ከማሰራጨትሽ በፊት እዚያ ላይ ከ0 በላይ የመለሰ ተማሪ ለማን እንደሚተላለፍ ከትምህርት ቤቱ አማካሪና ከቅርቡ ጤና ተቋም ጋር ተስማሚ፤ ወረቀቶቹንም ያንኑ ዕለት ዘጠነኛውን ጥያቄ ብቻ ገልጠሽ እይ። ስም የለሽ አድርገሽ በትነሽ በወሩ ብታነቢው ልጁን ማግኘት አትችይም። በኮድ ይሁን፤ ኮዱንና ስሙን የሚያገናኘው ዝርዝር ለብቻው ይቆለፍበት። ፈቃድ ስትጠይቂም ኮዱ መቼ እንደሚከፈት ለተማሪውና ለወላጁ አስቀድመሽ ንገሪ።

ሌላ መለኪያ የሚያስፈልግሽና አማርኛው ከሌለ፣ ሁለት ሰው ለየብቻ ይተርጉሙ፤ ዋናውን ያላየ ሦስተኛ ሰው ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፤ ከዚያ ለአምስት ስድስት ሰው አንብበሽ «ምን ተጠየቅህ?» በይ። «ዝቅ ያለ ስሜት ተሰምቶዎታል?» ብለሽ ገጠር ብትወጪ ስለ ትሕትና የጠየቅሻቸው የሚመስላቸው አይጠፉም። «ከፍቶዎታል? ሆድ ብሶዎታል?» ስትይ ወዲያው ይገባል። ስሜትን በሆድና በልብ የሚናገር ቋንቋ ነው ያለን።

ናሙናው በያማኔ ቀመር፦ 1,200ን በ1 ሲደመር 1,200 ሲባዛ 0.05 (የሚፈቀደው የስሕተት መጠን) ስኩዌር አካፍይ። ታችኛው 4 ይሆናል፤ 300 ተማሪ። ለማይመልሱት 10 በመቶ ጨምሪ፣ 330። መጠይቁ አራት ገጽ ከሆነ በሁለቱም ፊት ታትሞ 660 ሉህ ነው፤ 500 የሚይዘው አንድ እሽግ አይበቃም፣ ሁለት ግዢ። ከዚያ በፊት ናሙናው ውስጥ በማይገቡ 30 ተማሪዎች ሞክሪው። ክሮንባክ አልፋ (ጥያቄዎቹ እርስ በርስ የሚስማሙበት መለኪያ) 0.70 እና በላይ ይፈለጋል። ከዜሮ በታች ወይም በጣም ዝቅ ያለ ከመጣ ተማሪዎቹን አትውቀሺ፤ በአሉታ የተጻፉትን ጥያቄዎች ነጥብ ኤስፒኤስኤስ (የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር) ላይ ሳትገለብጪ ቀርተሽ ይሆናል።

ዕድሜያቸው ከ18 በታች ስለሆነ የወላጅም የተማሪውም ፈቃድ ያስፈልጋል። የወላጁ ቅጽ ቤት ሄዶ እስኪመለስ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ስጪው።

መላሽ 2፣ ደብረ ማርቆስ

የጊዜውን ነገር ልጨምር። ፕሮፖዛሉ በአራተኛ ዓመት ጥቅምት ካልጸደቀ መረጃ መሰብሰቡ ጥር ላይ ከትምህርት ቤቶች የሴሚስተር ፈተና ጋር ይጋጫል። የትብብር ደብዳቤ ከትምህርት ክፍሉ፣ ከዚያ ከወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ወደ ርእሰ መምህሩ፤ ሦስት ፊርማ ነው። ወላጆችን ቤት ለቤት የምታነጋግሪ ከሆነ ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፣ ማንም አይቀመጥልሽም። ወር በገባ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ ግን ገበሬው እርሻ አይወጣም፤ ከቅዳሴ መልስ ቤቱ ይገኛል።

መላሽ 1፣ ባሕር ዳር

የመውጫ ፈተናው ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ግዴታ ነው፤ ማለፊያው 50 በመቶ። በአራተኛ ዓመት መጨረሻ ጀምሮ የሚሸፍን ሰው የለም፣ ያ ወቅት የኤሴይ መከላከያም ነው። ከአሁን ጀምረሽ ለእያንዳንዱ ኮርስ ሁለት ገጽ ማጠቃለያ ጻፊ፤ ቲዎሪ፣ ባለቤቱ፣ ቁልፍ ቃል፣ አንድ ምሳሌ። ጥያቄው ምርጫ ስለሆነ የሚጥለው ተመሳሳይ ነገሮችን አለመለየት ነው፦ ኔጌቲቭ ሪኢንፎርስመንትና ቅጣት፣ ፒያዤና ቪጎትስኪ፣ ሪላያቢሊቲና ቫሊዲቲ።

ጠያቂ፣ ደብረ ማርቆስ

ፕራክቲከሙን ሆስፒታል ወይስ ትምህርት ቤት ላድርግ?

መላሽ 3፣ ሞጣ

ኤሴይሽ ተማሪዎች ላይ ከሆነ ትምህርት ቤት። ደብዳቤውም መንገዱም አንድ ይሆንልሻል። ግን የምታማክሪያቸውን ተማሪዎች ናሙናሽ ውስጥ አታስገቢ፤ ከወረቀቱ ይልቅ ለአንቺ ነው የሚመልሱት።