ለአጭር ሙሽራ ቬሎ፦ ኪራይ ወይስ ማሰፋት?

የሚያዝያ ሙሽራ፦
ሰላም እህቶች። ሠርጋችን አዲስ አበባ፣ ለዳግም ትንሣኤ ነው። ቁመቴ 1.51፣ ወገቤ 63፣ ደረቴ 80 ሴንቲ ሜትር። ለቬሎውም ለመልሱ ልብስም የያዝኩት 35 ሺህ ብር ነው፣ ከዚያ አላልፍም። ኪራይ ቤት የሞከርኳቸው ሁሉ ዋጡኝ። ባለሱቆቹ «ከታች እናሳጥረዋለን» ይላሉ፣ ግን ሆዴ ላይም ይጨማደዳል። ምን ዓይነት ቅርጽ ልፈልግ? ታኮውስ ስንት ይሁን?

መቀስና ሜትር፦
እንኳን ደስ አለሽ! ሆድሽ ላይ የሚጨማደደው የቬሎው ወገብ ካንቺ ወገብ በታች ስለሚውል ነው። ከውጭ የሚገቡት በብዛት የሚቆረጡት 1.70 አካባቢ ለሆነች ሴት ነው። ትርፉ ርዝመት ደግሞ እታች ብቻ አይደለም ያለው፤ ከትከሻ እስከ ጡት ጥቂት፣ ከጡት እስከ ወገብ ጥቂት፣ የቀረው ጉርዱ ላይ ነው። ሁሉንም ከታች ከቆረጡት የጠርዙ ዳንቴል አብሮ ይሄዳል፣ ወገቡ ዳሌሽ ላይ ይቀራል፣ እግርሽም ካለው በላይ አጥሮ ይታያል።

ስለዚህ ሱቅ ስትገቢ ሜትርና ክር ያዢ። ወደ ጎን ስታዘነብዪ የሚታጠፈው ቦታ ወገብሽ ነው፤ ክሩን እዚያ እሰሪ። ከብብትሽ ሥር እስከ ክሩ ለኪ። ከዚያ ቬሎውን ጠረጴዛ ላይ አስተኝተሽ ከብብቱ እስከ ወገቡ ስፌት ለኪ። ልዩነቱ እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ከሆነና ማንገቻ ካለው ከትከሻው ላይ ይነሣል። 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ምንም ቢያምርሽ ተይው፤ ያን ያህል ከትከሻ ሲሳብ የጡቱ ቦታ ወደ ላይ ይወጣና ብብትሽን ይቆርጥሻል።

ቅርጹን በተመለከተ፣ ወገቡ ከፍ ብሎ ወደ ታች ቀስ እያለ የሚሰፋው ላንቺ የተሠራ ነው። የዓሣ ጭራ ቅርጽ ያለውን በኪራይ አትሞክሪው፤ ጉልበት ላይ መስፋት የሚጀምረው ጨርቅ ቅልጥምሽ ላይ ይወርድና እርምጃሽን ያስረዋል። ቦርቀቅ ያለ ከወደድሽ፣ ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከቬሎው ይልቅ ከውስጡ የሚለበሰው ሽቦ ያለው ጉርድ ነው። የታችኛውን ቀለበት ስፌት ሁለት ጣት ያህል ፈተሽ ሽቦውን መዝዘሽ ማውጣት ይቻላል፤ ሲመለስ ተመልሶ ይገባል። ቬሎው ያን ጊዜ ወደ ጎን መንጋደዱን ትቶ ወደ ታች ይወርዳል።

የኪራይ ቤት ሠራተኛ፦
ከላይ የተባለው ልክ ነው። እኔ የኪራዩን ልጨምር። ብዙ ቤቶች መቀስ አያስነኩም፣ ስለዚህ ማሳጠሩ በእጥፋት ነው የሚሠራው። 3 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው አንድ እጥፋት 6 ሴንቲ ሜትር ያሳጥራል፤ ሁለት እጥፋት 12። ገበሩ በውስጥ በኩል በእጅ ይጠለፋል፣ የላዩ ቱል (መረብ የሚመስለው ስስ ጨርቅ) ግን ወገቡ ላይ ተነሥቶ በቀበቶ ይሸፈናል። እንዲህ ሲሆን የታችኛው ዳንቴል ሙሉውን ይተርፋል። እያንዳንዱ ንብርብር ለብቻው መታጠፍ አለበት። አንድ ላይ ከተጠለፉ ስትቀመጪ ይሳሳባሉ፣ ክሩም ይበጠሳል።

ጀርባው በዚፕ ብቻ ከሚዘጋው ይልቅ በማሰሪያ የሚጠበቀውን ምረጪ፤ ደረት 80 ሲሆን ዚፑን ማጥበብ ብዙ ስፌት መፍታት ይጠይቃል።

አሁኑኑ ያዢ። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀን የኦርቶዶክስ ሠርግ ስለሌለ ብዙው ከፋሲካ በኋላ ነው የሚግተለተለው፣ ትንንሾቹ ልኮች ደግሞ ጥቂት ናቸው። ደረሰኙ ላይ የቬሎው መለያ፣ የምትወስጂበትና የምትመልሺበት ቀን፣ መያዣው፣ ማስተካከያው በዋጋው ውስጥ መኖሩ፣ ለቆሻሻና ለተቀደደ የሚቆረጠው መጠን ይጻፍ። ቢያንስ ሁለት ጊዜ የመለካት ቀን ይኑርሽ፣ የመጨረሻው ሠርጉ 10 ቀን ሲቀረው።

የሚያዝያ ሙሽራ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለመልሱስ? ሽሮ ሜዳ ያየኋቸው ጥለታቸው እስከ ጉልበቴ ይደርሳል።

የሸማ ወዳጅ፦
እዚህ ላይ ዕድለኛ ነሽ እህቴ፣ ለአጭር ሰው የሚያምረው ዋጋውም ይቀንሳል። የሸማኔውን ቀን የሚበላው ጥለቱ ነው። ጠርዙ ላይ ከ6 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ይበቃሻል፤ 25 ከሆነ ቁመትሽን እግርሽ ሥር ይቆርጠዋል። ዋናውን ጥለት ከአንገት እስከ ታች መሐል ለመሐል በቀጭኑ አስወርጂው፣ ወርዱ ከ5 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ። የመስቀሉ ቅርጽም ደረትሽ ላይ እንጂ ሆድሽ ላይ እንዳይውል ለልብስ ሰፊው ምልክት አድርገሽ ስጪው።

የእጅ ፈትል ከሆነ ጨርቁ ሳይቆረጥ በፊት ውኃ ይንካው፣ ይሰበሰባልና። ግን መጀመሪያ ነጭ ጨርቅ አርጥበሽ የጥለቱን ጀርባ ፈትጊው፤ ቀለም ከለቀቀ አታስነክሪው፣ ሌላ ጥለት ጠይቂ። ነጠላውም ሙሉው አይሁን። ትከሻሽ ላይ ብዙ ከታጠፈ አንገትሽን ይሰውረዋል። ካባውን ተከራዪው፣ ከቁርጭምጭሚትሽ በላይ የሚቀረውን።

መቀስና ሜትር፦
ታኮውን ረስተነዋል። ከ6 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር፣ ወፍራም ታኮ፣ ቀኑን ሙሉ የምትችዪው ይሁን። ፓርክ ውስጥ ሣር ላይ ቀጭኑ ይሰምጣል። ለጭፈራ ነጠላ ጫማ የምትቀይሪ ከሆነ ቬሎው በታኮው ልክ ይወርድና መሬት ይጎተታል፣ የፊቱንም ጫፍ ትረግጪዋለሽ። ጫማውን ቀድመሽ ግዢና ለመለካት ይዘሽው ሂጂ፤ የፊቱ ጫፍ ከወለሉ 2 ሴንቲ ሜትር ይነሣ። ዓይነ ርግቡም ከክንድሽ አይለፍ፤ መሬት የሚደርሰው ከኋላ በሚነሣ ፎቶ ወገብሽን ይሸፍነዋል።